ያነባል ወይስ በቃሉ ይላል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጢስ ዓባይ የሚሄድ መንገደኛ፣ ወራቱ ክረምት ከሆነ፣ ፏፏቴውን በዐይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ይሰማዋል። በበጋ የሚሄድ ሰው ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናውም። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ይልቁንም በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው፣ ውሃውን ከፏፏቴው በላይ መጥለፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ በሥዕል ያየውን ያን ሰፊ ነጭ መጋረጃ ተስፋ አድርጎ የሄደ እንግዳ ከገደሉ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት ክሮች ብቻ አይቶ የተመለሰባቸው ዓመታት ነበሩ።

ይህን ያነሣነው ስለ ውሃው ለመናገር አይደለም። በዚያው መንገድ ዳር፣ እንደዚሁም በጣና ዙሪያና በመላው አገራችን ባሉት ትምህርት ቤቶች አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሌላ ድምፅ ይሰማል። መምህሩ አንድ ዐረፍተ ነገር ይላል፤ አምሳ ስልሳ ሕፃናት ባንድ አፍ ይቀበላሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነውና ድምፁ እስከ ሩቅ ያስተጋባል። መንገደኛውም «ልጆቻችን ማንበብ ተማሩ» ብሎ ደስ ብሎት ያልፋል። ነገር ግን ያ ድምፅ የሚያስረዳው መጮኻቸውን ነው እንጂ ማንበባቸውን አይደለም። ከስልሳው መካከል ፊደሉን እየለየ የሚያነበው ስንቱ ነው? የጎረቤቱን አፍ እየተከተለ የሚለውስ ስንቱ ነው? ይህን ለማወቅ ሕፃናቱን አንድ ባንድ ከመጠየቅ በቀር ሌላ ዘዴ የለም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚናገረውም ስለዚሁ አንድ ባንድ ስለ መጠየቅ ነው።

ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ የበጋ ወራት ወደዚያ አገር ወርዶ ከዘመዶቹ ቤት አድሮ ነበር። የቤቱ ልጅ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። እንግዳ መምጣቱን ባየ ጊዜ የአማርኛ መጽሐፉን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ላንብብልዎት?» አለ። አንብብ ተባለ። ገጹን ከላይ እስከ ታች ምንም ሳያደናቅፈው ወረደው፤ አራት ነጥቡ ላይ ዐረፈ፤ የጥያቄ ምልክቱ ላይ ድምፁን ከፍ አደረገ። እናቱ ከምድጃው አጠገብ ሆነው በደስታ ይመለከቱታል። ይሁን እንጂ የልጁ ዐይን ከመጽሐፉ ላይ አልነበረም፤ በር ላይ ከታሰረው ግልገል ላይ ነበር። እንግዳውም ነገሩን ታዝቦ «እስቲ ከታች ሦስተኛዋን መሥመር አንብብልኝ» አለው። ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ከገጹ ራስ ጀምሮ በለሆሳስ ማነብነብ ያዘና እየቈጠረ ወደ ታች ወረደ። ወደ ተጠየቀው መሥመር ለመድረስ ከዚህ በቀር መንገድ አልነበረውም። ከዚያም በብጣሽ ወረቀት ላይ «ግልገል» የሚል ቃል ተጽፎ ቀረበለት። ይህ ቃል አሁን ባነበበው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ልጁ ወረቀቱን አዟዟረው፤ አስጠጋው፤ አራቀው፤ በመጨረሻም «ይኸን ገና አልተማርነውም» አለ።

እናቱ ቅር አላቸው። «ምነው! ጎበዝ አይደል እንዴ? በካርዱ ላይ እኮ ሰማንያ አምስት ነው ያመጣ» አሉ።

እዚህ ላይ ማንም አልዋሸም። መምህሩ ከመጽሐፉ ጠይቋል፤ ልጁም ከመጽሐፉ መልሷል፤ ሰማንያ አምስቱም በሐቅ የተገኘ ነው። ጥያቄው የለካው ግን የልጁን ትዝታ ነበር እንጂ ንባቡን አልነበረም። ልጁ ሰነፍ አለመሆኑም ግልጽ ነው። ያን ያህል ገጽ በቃሉ የያዘ ሕፃን አእምሮ፣ መንገዱን ያሳየው ቢያገኝ ኖሮ፣ ፊደሉን በጥቂት ወራት ውስጥ በጨረሰው ነበር።

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ ባልበቃም ነበር። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ርዳታ፣ የአማራን ክልልና አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት ክልሎች፣ ከ300 በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች፣ 13,000 ያህል የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ሕፃናትን በስድስት ቋንቋዎች አንድ ባንድ አስቀምጦ አስነብቦ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ሕፃናት ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተመጠነ አጭር ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ለማንበብ አልቻሉም። ካነበቡት ታሪክ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ያልመለሱት ግማሽ ያህል ነበሩ። እነዚህ ሕፃናት ትምህርት ቤት ያልገቡ አይደሉም፤ ገብተው፣ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሮ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛውረው የተገኙ ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ቀድሞ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሕፃናት ወደ ክፍል ገብተዋል። ይህን ታላቅ ሥራ የሚያቃልል ሰው ካለ እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን በየስብሰባው የሚነገረው ቁጥር የገቡት ብዛት ነበር፤ የተሠራው የመማሪያ ክፍል፣ የታደለው መጽሐፍ፣ የተቀጠረው መምህር ብዛት ነበር። «ስንቱ አነበበ?» የሚለው ጥያቄ አልተጠየቀም ነበርና መልሱ በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ።

ከዚያ ከ12 ዓመት በኋላ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ ተብሎ ሲነገር አገሩ ሁሉ እንደገና ደነገጠ። ምክንያቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ቀጥሎም ጦርነት መጥቷል፤ ፈተናውም በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር በመሰጠቱ የኩረጃው በር ጠቧል። ነገር ግን ሒሳቡን እናስላው። በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑት ልጆች በ2002 ዓ.ም. ሁለተኛ ክፍል ሳሉ ከተመዘኑት ሕፃናት በሁለት ዓመት ብቻ ያነሱ ናቸው። ጉድለቱ የታየው በላይኛው ጫፍ ነው እንጂ የተጀመረው በታችኛው ነበር። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር የምናለቅሰው ለቅሶ በሁለተኛ ክፍል ቢለቀስ ኖሮ ቢያንስ ለማረም ጊዜ ይገኝ ነበር።

ያ ምዘና በእንግሊዝኛው ምህፃር «ኢግራ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ አገር ተሰናድቶ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሴኔጋልና በጋምቢያ ከተሞከረ በኋላ በብዙ አገሮች በየቋንቋው ተተርጕሞ ሠርቷል። አሠራሩ የረቀቀ ነገር የለውም። መዛኙ ከሕፃኑ ጋር ጸጥ ያለ ሥፍራ ፈልጎ ይቀመጣል፤ በእጁ ሰዓት፣ እርሳስና ወረቀት ይይዛል። በመጀመሪያ ተራቸው የተዘበራረቀ 100 ፊደላት ያሉበትን ገበታ ያቀርብና ሕፃኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንቱን እንደሚለይ ያያል። ሕፃኑ በአንዱ ፊደል ላይ ጥቂት ቢዘገይ ቀጣዩን እንዲሞክር ይነግረዋል፤ ተሳስቶ ራሱን ቢያርም ትክክል ተብሎ ይያዝለታል፤ የመጀመሪያውን መሥመር ፈጽሞ ካልቻለ ግን አያስጨንቀውም፤ ያቆመዋል። ቀጥሎ ሕፃኑ የሚያውቃቸው ቃላት ይመጣሉ። ከእነርሱም በኋላ በቋንቋው ውስጥ የሌሉ፣ ለምርመራ ብቻ የተፈጠሩ ቃላት ይቀርባሉ፤ «ቱለም»፣ «ገኩ»፣ «ረሞፊ» እንደ ማለት ነው። ይህን ያየ ሽማግሌ «ምን ዓይነት ቀልድ ነው!» ይል ይሆናል። ነገር ግን «ረሞፊ»ን በቃሉ የሚያጠና ሰው የለም። ሊያነበው የሚችል ሕፃን በእርግጥ ፊደል የቈጠረ ነው። በመጨረሻ አጭር ታሪክ ይነበብና ስለ ታሪኩ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ሌላም ታሪክ ሕፃኑ ራሱ ሳያነብ ይነገረውና እንደዚሁ ይጠየቃል። ይህም የማይመልሰው ቋንቋውን ባለመረዳቱ ነው ወይስ ንባቡ ስለ ከበደው የሚለውን ለመለየት ነው።

አንዳንድ ወጣት ሹማምንት ይህን እንደ ባዕድ ጥበብ ሲመለከቱት ስናይ እንገረማለን። ጎጃም የቆሎ ተማሪ አገር ነው፤ ይህንም ጥበብ የኔታ ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ»ን ከግራ ወደ ቀኝ በዜማ ከያዘ በኋላ የኔታ አያምኑትም። ተራውን የያዘው ምላሱ ነው ወይስ ዐይኑ? ስለዚህ ፊደሉን ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስቈጥሩታል፤ በስንደዶ ጫፍ ካሻቸው ሥፍራ ላይ እየጠቆሙ «ይኸስ ማነው?» ይሉታል። ከዚያም በኋላ «አቡጊዳ» ይመጣል። አቡጊዳ የፊደሉን ተራ አፍርሶ በሌላ ተራ የሚያስቀምጥ ነውና «ሀ ሁ»ን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ሲደርስ ይያዛል። ከዚያ በላይ ያለውም መሰላል እንደዚሁ በደረጃ የተሠራ ነው። ልጁ ንባብ ሲጀምር እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ በጣቱ እየነካ ይቈጥራል፤ ቀጥሎ ግዕዝ ንባብ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይማራል። መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ዕድሜው ስለ ደረሰ ወይም ዓመቱ ስላለቀ አይደለም፤ የኔታ ፊት ተቀምጦ፣ አንብቦ፣ «እለፍ» ስለ ተባለ ነው። አንዱ ልጅ በስምንት ወር፣ ሌላው በሁለት ዓመት ያልፋል፤ ማንም በዚህ አይደነግጥም። በቁርአን ቤትም ከሎህ ፊት የሚቀመጠው ሕፃን ሁኔታ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ይህን ስንል የጥንቱ ሁሉ ምሉዕ ነበር ማለታችን አይደለም። አለንጋው እንዳለ ሆኖ፣ ዳዊት የደገመው ልጅ ያነበበው በግዕዝ ነውና የብዙዎቹ ንባብ ከትርጓሜ ሳይገናኝ ይቀር ነበር። አንድ መሥመር ሳያደናቅፈው አንብቦ «ምን ማለት ነው?» ሲሉት ዝም የሚል ዳዊት ደጋሚ በየአጥቢያው ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ይህን ጉድለት ሊያርም ሕፃኑን በሚናገርበት ቋንቋ ማስተማር ጀመረ፤ በአማራ ክልል ብቻ በአማርኛ፣ በአገውኛ፣ በኽምጣኛና በኦሮምኛ ይማራሉ። መልካም አደረገ። ነገር ግን ስንደዶውን ጣለው፤ በስንደዶው ፈንታም የመንጋ ጩኸትን አመጣ። የኔታ አሥር ልጅ ነበራቸው፤ የዛሬው መምህር ስልሳ አለው ተብሎ መልስ ይሰጣል። ይህ እውነት ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቋንቋችን ጠባይ አንድ ነገር እንበል፤ መዛኝ ሁሉ ሊያውቀው ይገባልና። የንባብን ፍጥነት በአንድ ደቂቃ ስንት ቃል ተነበበ ብሎ መለካት በእንግሊዝ አገር የሚመች ልማድ ነው። በአማርኛ ግን «ስላልተነገራቸውም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዛዊው ይህንኑ ለመናገር አምስት ስድስት ቃል ያስፈልገዋል። ስለዚህ የጢስ ዓባይን ሕፃን ከለንደን ሕፃን ጋር በቃል ቍጥር ማወዳደር ከንቱ ነው፤ በላቲን ፊደል ኦሮምኛ ከሚያነበው የከሚሴ ሕፃን ጋር ማወዳደርም እንዲሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ፊደላችን የድምፅን መጥበቅና መላላት አይጽፍም። «አለ» የሚለው ተናገረ ለማለት ሲሆን ይላላል፤ ይገኛል ለማለት ሲሆን ይጠብቃል። «ዋና» ከጣና ዳር ላለ ልጅ የውሃው ዋና ነው፤ ሲጠብቅ ግን ዋነኛ ማለት ነው። «ገና»ም እንደዚሁ በዓሉና ጊዜው በጽሕፈት አንድ ናቸው። እንግዲህ ሕፃኑ «አባቱ ቤት አለ» የሚለውን ሲያነብ «አለ»ን አላልቶ ቢያልፍ፣ ፊደሉን አውቆ ነገሩን እንዳልያዘ ጆሮ ያለው መምህር እዚያው ላይ ይረዳል። ለዚህ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። እኛ እንዲያውም ይህ የፊደላችን ጉድለት የሚባለው ነገር ለመዛኝ ትልቅ ስጦታ ይመስለናል።

ጽሕፈትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በብዙ ክፍል «መጻፍ» የሚባለው ከጥቍር ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ነው፤ ሕፃኑም እየሣለ ነው እንጂ እየጻፈ አይደለም። ደብተሩን ያየ ወላጅ በእጅ ጽሕፈቱ ማማር ይደሰታል። የሚጽፍና የሚሥል ልጅ የሚለዩት በቃል ጽሕፈት ነው። መምህሩ አምስት ቃል ከአፉ ያወጣል፤ ልጁ ይጽፋል፤ አለቀ። በዕርማቱ ላይ ግን አንድ ምክር አለን። «ፀሐይ»ን በጸሎቱ ጸ ወይም በሃሌታው ሀ የጻፈ የሁለተኛ ክፍል ሕፃን ድምፁን በትክክል ሰምቶ በትክክል ጽፏል። ሥርዐቱን በኋላ ይማረዋል፤ ለጊዜው ግን እንዳልቻለ ተቈጥሮ በቀይ ቀለም ሊሰረዝበት አይገባም። «ተ»ን ከ«ቸ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ»፣ ካዕቡን ከሣልሱ የሚያምታታው ልጅ ነው ርዳታ የሚያሻው። ሊቃውንቱ ስለ ሠራዊቱ ሠና ስለ እሳቱ ሰ ቢከራከሩ መብታቸው ነው፤ ክርክሩን ግን በሰባት ዓመት ልጅ ደብተር ላይ አያድርጉት።

አሁን ወደ ስልሳው ልጅ እንመለስ። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ብንመድብ ለስልሳው 180 ደቂቃ ነው። በአንድ ቀን ይሁን ቢባል መምህሩ ያብዳል። ነገር ግን በየቀኑ ስድስት ልጅ፣ ሌሎቹ ቃል ሲገለብጡ ወይም ሥዕል ሲሥሉ፣ 18 ደቂቃ ቢወስድ በአሥር የትምህርት ቀን ክፍሉ ሁሉ ያልቃል። መምህሩም በአንዲት ደብተር ላይ ከእያንዳንዱ ስም ፊት «ፊደል»፣ «ቃል»፣ «ዐረፍተ ነገር»፣ «ታሪክ» ከሚሉት አንዱን ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያስተምርና ለማን እንደሚያስተምር ያውቃል። በዓመት ሦስት ጊዜ ቢደረግ ማን እንደ ተራመደ፣ ማን እንደ ቆመ ይታያል። የ1986ቱ ፖሊሲ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሕፃናት በተከታታይ ምዘና እየታዩ እንዲያልፉ ያለው ይህን በመሰለ ነገር ነበር። በተግባር ግን «ምዘና» የሚለው ቃል ተረሳና «ይለፉ» የሚለው ብቻ ቀረ።

ወጣት ባለ ሥልጣን ሆይ፣ የሚከተለው ለአንተ ነው። በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወይም በቢሮ ተቀምጠህ ይህን ስታነብ የመጀመሪያ ሐሳብህ ቅጽ ማዘጋጀት እንደሚሆን እናውቃለን። እባክህ አታዘጋጅ። የሕፃናቱ ንባብ በቅጽ ተሞልቶ፣ በመቶኛ ተሰልቶ፣ ለመምህሩ ዕድገትና ለርእሰ መምህሩ ምስጋና መለኪያ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ሕፃን አንባቢ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ መመዘኛ ወረቀቱን በቃሉ አጥንቶታልና። ያ የሦስተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን እንዳጠና፣ ወረዳውም ወረቀቱን ያጠናል። አንተ ለጕብኝት ስትሄድ ወንበርና ጠረጴዛ መቍጠሩን ለሌላ ተውና ከአንድ ክፍል ገብተህ፣ የመምህሩን ፈቃድ ጠይቀህ፣ ከኪስህ ያልታየ ገጽ አውጥተህ አምስት ሕፃናትን ለየብቻ አስነብብ። ከዚያም ከመምህሩ ጋር ስለ አየኸው ተነጋገር። ሪፖርትህ አጭር ይሆናል፤ ግን እውነት ይኖረዋል።

ሌላም በእጅህ ያለ ነገር አለ። በብዙ ትምህርት ቤት የተሻለው መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይመደባል፤ እዚያ ብሔራዊና ክልላዊ ፈተና አለና። አንደኛ ክፍል ለጀማሪው፣ ለታመመው፣ ከርእሰ መምህሩ ጋር ለተጣላው ይሰጣል። የአንደኛ ክፍል መምህር መባልም እንደ ክብር አይቈጠርም። ባሕር ዳር ከተማ በ1960ዎቹ አጋማሽ የፔዳጎጂ አካዳሚ የተቋቋመባት ከተማ ናት፤ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ተስማምተው ያን ተቋም የከፈቱት ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ሰው እንዲያፈራ ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ከዚያ ደጃፍ እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ የሚጨነቁ ተማሪዎች በየዓመቱ እንሰማለን። አንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ቢወርዱ ለሃያ ዓመት የሚበቃ ርእስ ያገኛሉ።

ከዚህ በላይ ደግሞ ነገሩን አጣዳፊ ያደረገው ሁኔታ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት በብዙ ወረዳ ትምህርት ቤቶች ለወራት፣ በአንዳንድ ሥፍራም ለዓመታት ተዘግተዋል። በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሆኖት አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ ዕድሜው ዐሥር ሲጠጋ ወደ ክፍል ይመለሳል። የት ይቀመጥ? በዕድሜው ከተባለ ከማያነበው መጽሐፍ ፊት ይቀመጣል፤ በመዝገቡ ከተባለ ከትናንሽ ልጆች መካከል አፍሮ ይወጣል። መልሱ በምዘናው ውስጥ አለ። በሕንድ አገር ፕራታም የተባለው ማኅበር የሠራው ሥራ ለዚህ ይጠቅመናል። በቀን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ሕፃናቱን በክፍላቸው ሳይሆን ማንበብ በሚችሉት ልክ ይመድባቸዋል፤ ፊደል ላይ የቆሙት ባንድ፣ ቃል ላይ የደረሱት ባንድ። የዐሥር ዓመቱ ልጅ አእምሮው የበሰለ ነውና ከተጀመረለት ቶሎ ይይዛል። ሳይመዘን ከሦስተኛ ክፍል የተወረወረ ግን ያንን በር ላይ የታሰረ ግልገል እያየ ገጹን ማጥናት ይጀምራል።

ያ የ2002 ዓ.ም. ምዘና፣ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህም በሰባት ቋንቋ ለተዘጋጁት አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት የዋለው ገንዘብ ከአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት የመጣ እንደ ነበረ ይታወቃል። ድርጅቱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። በእርሱ ገንዘብ ሰፊ ጥናት የማድረጉ ዘመን አልፏል። ስንደዶ ግን ከውጭ አገር አይመጣም።

ስለዚህ ቃላችንን ከተማሪዎች ጋር እንፈጽም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሕንድ፣ ከ2009 ወዲህም «ኡዌዞ» በሚባል ስም በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ፣ ወጣቶች አንዲት ወረቀት ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሕፃናትን ያስነብባሉ። ወላጅ እያየ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ በሕፃኑ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ነው። አባትና እናት ካርዱን ትተው የልጃቸውን ንባብ በጆሯቸው የሰሙት ብዙዎቹ በዚያን ቀን ነው። እናንተም ለበዓል ወደ አገራችሁ ስትወርዱ ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድና በጀት አያስፈልጋችሁም። በአንድ ወረቀት ላይ ተራቸውን ያዘበራረቃችኋቸውን ሃያ ፊደላት፣ ሕፃኑ የሚያውቃቸውን አሥር ቃላት፣ ከመጽሐፍ ያልተቀዳ የአምስት መሥመር ታሪክ ጻፉ፤ ታሪኩ ስለ ታንኳ፣ ስለ ዓሣ ወይም ስለ ጠፋች በግ ይሁን። ከታናሽ ወንድማችሁ ወይም ከጎረቤት ልጅ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሌሎች ልጆች ከበው እንዲስቁ አትፍቀዱ። ከታሪኩ ጀምሩ፤ ካልቻለ ወደ ቃሉ፣ ካልቻለ ወደ ፊደሉ ውረዱ፤ ከቆመበት ላይ ሲደርስ ይብቃችሁ፤ «አይዞህ፣ ከዚህ እንቀጥላለን» በሉት። ወላጆቹ ከጠየቁም ልጁ በሌለበት የደረሰበትን ንገሯቸው። በማግስቱ ጠዋትም፣ ዕረፍታችሁ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ከቆመበት ፊደል ጀምሩ።